አቅጣጫ ለሚጠፋበት ሰው

(በአንድ የአዲስ አበባ ሰፈር ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ከሰዓት የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ጋ ሁለት ሦስት ቦታ አለ።

ከመጀመሬ በፊት ትንሽ ላስቸግራችሁ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጨፈናችሁ? አሁን እጃችሁን ዘርጉና ወደ እንጦጦ ጠቁሙ። ቶሎ፣ ብዙ ሳታስቡ። እሺ፣ እጃችሁን ሳታወርዱ ዓይናችሁን ክፈቱ።

(ሳቅ)

ተያዩ እስቲ። ግማሹ ወደ በሩ፣ ግማሹ ወደ መስኮቱ። እዚያ ጥግ ያሉት ሁለት ጓደኛሞች እርስ በርስ ተጠቋቁመዋል። ከኋላ ያሉት ጋሼ ደግሞ ወደ ጣሪያው። ጋሼ፣ ከሁላችንም የተሻሉት እርስዎ ነዎት። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግርዎታለሁ።

የዛሬው ወሬዬ አቅጣጫ ስለሚጠፋበት ሰው ነው። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ሕንፃ ውስጥ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ከወጣ ከተማው ይዞርበታል። ስንት ጊዜ የሄደበትን የዘመድ ቤት በሌላ መንገድ ሲወስዱት አዲስ ሰፈር ይሆንበታል። ካፌ ውስጥ እጁን ታጥቦ ሲመለስ ጠረጴዛውን ይፈልጋል። ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ከነቃ፣ የት እንደደረሰ ለማወቅ የወያላውን አፍ ይጠብቃል።

እኔም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነኝ። እንዲያውም እዚህ መድረክ ላይ የቆምኩት በዚህ ምክንያት ነው። አቅጣጫ የሚያውቅ ሰው ስለ አቅጣጫ ማስተማር ይቸግረዋል። እንዴት እንደሚያውቅ ስትጠይቁት "ዝም ብሎ ይታወቃላ!" ይላችኋል።

ሰውዬው ውሸቱን አይደለም። ጭንቅላታችን ውስጥ ሳናዝዘው የሚሠራ ነገር አለ። በ1971፣ የምጠራቸው የጥናት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ጆን ኦኪፍ የተባለ ተመራማሪ ለንደን ውስጥ በአይጦች ላይ ይሠራ ነበር። ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ፣ አይጧ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ስትደርስ ብቻ የሚነቁ ሴሎች አገኘ። ጥግ ላይ ስትሆን አንዱ ይነቃል፣ መሐል ስትሆን ሌላው። በ1984 ደግሞ ጄምስ ራንክ የተባለ አሜሪካዊ፣ ጭንቅላት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ብቻ የሚነቁ ሴሎች እንዳሉ አሳየ። በ2005 ኖርዌይ ውስጥ ሜይ ብሪት ሞዘርና ኤድቫርድ ሞዘር ቦታን እንደ መረብ ከፋፍለው የሚይዙ ሌሎች ሴሎችን ይፋ አደረጉ። ኦኪፍና ሁለቱ ሞዘሮች በ2014 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ያኔ ዜናው ሁሉ "በጭንቅላታችን ውስጥ ያለው ጂፒኤስ" አለው። እኔ ስሙ አይዋጥልኝም። ጂፒኤስ ያለሁበትን በሜትር ይነግረኛል። የእኔዎቹ ሴሎች ሰፈሩንም አይነግሩኝ።

በ2009 ጁሴፔ ያሪያ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የአንዲት ሴት ታሪክ አሳተመ። አንጎሏ ምንም ጉዳት የለበትም። ማሰብም ማስታወስም አይቸግራትም። ግን ከልጅነቷ ጀምሮ በምታውቀው ሰፈር ውስጥ ትጠፋለች። ታሪኳ ከታተመ በኋላ እንደሷ ያሉ ሰዎች ከብዙ አገር ብቅ አሉ። ይህ የከፋው ጫፍ ነው። አብዛኞቻችን እዚያ አንደርስም። ነገር ግን አቅጣጫ ማወቅ ከብልህነትም ከጉብዝናም የተለየ ነገር መሆኑን ያሳያል። "አንተ ሰውዬ፣ ዲግሪ ይዘህ ቦሌን አታውቅም?" የሚለው ስድብ ቦታውን ስቷል።

ይሻሻላል ወይ? ይሻሻላል። የለንደን ታክሲ ነጂ ለመሆን ከከተማዋ መሐል በስድስት ማይል ዙሪያ ያሉ 25,000 ገደማ ጎዳናዎችን በቃል መያዝ ያስፈልጋል። ኤሊኖር ማግዋየር የተባለች ተመራማሪ በ2000 የነጂዎቹን አንጎል ምስል አንስታ፣ የሂፖካምፐሳቸው የኋለኛው ክፍል ከሌላው ሰው ተለቅ ብሎ አገኘችው። ምናልባት ሲፈጠሩም እንዲያ ይሆናል አላችሁ? እሷም ይህን ጠርጥራ ጀማሪዎቹን ለዓመታት ተከታተለች። በ2011 የወጣው ውጤት እንደሚለው መጀመሪያ ላይ ልዩነት አልነበረም፤ ተምረው ፈተናውን ያለፉት ላይ ነው ያደገው። ደስ የሚል ዜና ነው። ግን ሦስት አራት ዓመት ጎዳና ሲሸመድዱ መክረም ማለት ነው። እኔ ደግሞ የቀን ሥራ አለኝ።

አስተዳደግም አለበት። ከ2016 ጀምሮ በስልክ የሚጫወቱት፣ ጀልባ እየነዱ መንገድ የሚፈልጉበት ጨዋታ ወጥቶ ነበር። የተሠራው ለመርሳት በሽታ ምርምር ነው፤ ሚሊዮኖች ተጫወቱት። በ2022 ከ38 አገሮች የተውጣጡ 400,000 ያህል ተጫዋቾች ውጤት ሲታይ፣ እንደ ቺካጎ በቀጥታ መስመር በተቆራረጡ ከተሞች ያደጉት ደከም ያሉ ናቸው። ከከተማ ውጭ ያደጉት ይበልጧቸዋል። መንገዱ ሁሉ ቀጥ ያለ ከሆነ ጭንቅላት ምን ያደክመዋል?

ከዚያ በፊት በ2018 የወጣው ግን የበለጠ አሳስቦኛል። በወንድና በሴት መካከል ያለው የውጤት ልዩነት በሁሉም አገር እኩል አይደለም። ሴቶች ከወንዶች እኩል ዕድል ባላቸው አገሮች ልዩነቱ ጠባብ ነው። ይህን ሳነብ የእኛ ቤት ትዝ አለኝ። ወንዱን ልጅ "ሩጥና ከሱቅ አምጣ" እንለዋለን፤ ሮጦ፣ ተንከራቶ፣ ኳስ ተጫውቶ በሌላ መንገድ ይመለሳል። ሴቷን "ደግሞ የት ልትሄጂ ነው?" እንላታለን። ሃያ ዓመት ከግቢ አላስወጣናትም። ከዚያ መንጃ ፈቃድ ስታወጣ "ሴት አቅጣጫ አታውቅም" እንላለን።

(ጭብጨባ፤ በተለይ ከግራ በኩል)

እሺ፣ ወደ ከተማችን እንምጣ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ስትቆረቆር ማንም ማስመሪያ ይዞ ጎዳና አላሰመረም። ምኒልክና ጣይቱ ከእንጦጦ ወረዱ። መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ከነሠራዊታቸው የተመራላቸው ቦታ ላይ ሰፈሩ። በሰፈርና በሰፈር መካከል ወንዝና ገደል አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሰው በእግሩ የሄደበት፣ በቅሎ የወረደበት መንገድ በኋላ አስፋልት ሆነ። ራስ መኮንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ ደጃች ውቤ ሰፈር ስንል እስከ ዛሬ የምንጠራው ያንን አሰፋፈር ነው።

የመንገድ ስም ደግሞ አንጠቀምም። የቦሌ መንገድ አፍሪካ ጎዳና እንደሚባል ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? አራት እጅ። አመሰግናለሁ። እኛ መንገድ የምንነግረው እንዲህ ነው፦ "ከታክሲ ውረድና ፋርማሲውን አለፍ በል። ኮብልስቶኑን ይዘህ ገባ ስትል ዳቦ ቤት አለ። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ቅያስ ትተህ ቀጥሎ ያለውን ታጠፍ። ግራጫ በር ነው፤ ውሻ አለ።"

ይህን አልንቅም። ሰፈሩን ለሚያውቅ ሰው ከየትኛውም አድራሻ ይሻላል። ችግሩ አንዷ ምልክት ከጎደለች ተከታዮቹ ሁሉ ዋጋ ማጣታቸው ነው። ዳቦ ቤቱ ተዘግቶ ሞባይል ቤት ከሆነ አለቀልኝ። አሁን ደግሞ ምልክቶቹ አንድ በአንድ መሄዳቸው ቀርቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ አካባቢ ሰፈር በሙሉ ነው የተነሳው። ዶሮ ማነቂያን በጨለማ የሚያውቅ ሰው ዛሬ በቀን እዚያ ቆሞ ግራ ይገባዋል። ስለ ልማቱ ሌላ ቀን እንከራከር። እኔ የታዘብኩት አንድ ነገር ነው፤ አቅጣጫ ጠፍቶባቸው የማያውቁ ወዳጆቼ በዚያ ሰሞን የእኛን ስሜት ቀመሱት። "ዞረብኝ" አሉ። እንኳን ደህና መጣችሁ!

ኮንዶሚኒየም ያለበት ሰፈር ደግሞ ተቃራኒ ነው። ምልክት ጠፍቶ ሳይሆን ሁሉም ምልክት አንድ ዓይነት ሆኖ። ጀሞ ወይም ሰሚት ማታ ዘመድ ጥየቃ የሄደ ያውቀዋል። ሕንፃው ያው፣ ደረጃው ያው፣ ከሥር ያለው ሱቅ ያው። የብሎክ ቁጥር ካልያዛችሁ ስልክ መደወል ብቻ ነው።

እንግዲህ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ምን ይበጀዋል? ብዙ ምክር ሰምቻለሁ። "ልብ ብለህ እይ"፣ "ካርታውን በጭንቅላትህ ሳለው" ይላሉ። ስችል አይደል! እኔን የረዳኝ የአንድ አብራሪ ታሪክ ነው።

ፍራንሲስ ቺቸስተር የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጅ 1931 በትንሽ አውሮፕላን ብቻውን ከኒውዚላንድ ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ። ነዳጁ ስለማያደርሰው መሐል ላይ ሁለት ትናንሽ ደሴቶች ላይ ማረፍ ነበረበት፤ ኖርፎክና ሎርድ ሃው። ሰፊ ውቅያኖስ ውስጥ ያሉ ነጥቦች ናቸው። አሁን አስቡት። ደሴቷን በቀጥታ አነጣጥሮ ቢበር ነፋስ ትንሽ ይገፋዋል። ደርሷል በሚባልበት ሰዓት ወደ ታች ሲያይ ውሃ ብቻ። ደሴቷ በግራ ናት ወይስ በቀኝ? አያውቅም። በስህተት ከታጠፈ ነዳጁ ያልቃል።

ስለዚህ መጀመሪያውኑ ወደ አንድ ጎን አስቶ በረረ። ሆን ብሎ። ፀሐይን እየለካ፣ ከደሴቷ ጋር እኩል መስመር ላይ መድረሱን ሲያረጋግጥ ታጠፈ። ወዴት እንደሚታጠፍ ጥያቄ አልነበረውም፤ በየትኛው ጎን እንደሳተ ያውቃል፣ ራሱ ነው ያሳተው። ደሴቶቹን አገኛቸው።

እኔ ከዚህ የያዝኩት ይህን ነው። በትክክል የት እንዳለሁ ማወቅ አልችልም፤ ተውኩት። የምችለው፣ ስሳሳት በየት በኩል እንደምሳሳት አስቀድሜ መወሰን ነው። ቀጠሮዬ የቦሌ መንገድ ላይ ያለ ሕንፃ ነው እንበል። ከጎን ባሉት የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ስመጣ ከሕንፃው በር ላይ ለመውጣት አልሞክርም። ወደ መስቀል አደባባይ አስጠግቼ፣ በጣም ቀደም ብዬ ዋናው መንገድ ላይ እወጣለሁ። ከዚያ ሕንፃው ያለው ወደ አየር ማረፊያው በኩል ነው። ሌላ አማራጭ የለውም። አምስት ደቂቃ በእግሬ እጨምራለሁ፤ ግማሽ ሰዓት መንከራተት ይቀርልኛል።

ከዚሁ ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር ማቆሚያ ነው። ከቤት ሳልወጣ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ ካለፍኩት ምን ያቆመኛል? ወንዝ ሊሆን ይችላል። ቀለበት መንገዱ ሊሆን ይችላል። ባቡሩ ሊሆን ይችላል፤ በፈረንጅ ከ2015 ጀምሮ አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ተዘርግቷል። ባቡሩ ቢዘገይም ሐዲዱ ከቦታው አይነቃነቅም። "ሐዲዱን ካቋረጥኩ አልፌዋለሁ" ማለት ለማንም አይከብድም።

ጀጎል የሄዳችሁ አላችሁ? የሐረር ቅያስ አዲስ አበባን ያስንቃል። ግድግዳና ግድግዳ መካከል ሁለት ሰው የማያሳልፍ መንገድ ሞልቷል። ግን እዚያ የመጥፋት ጭንቀት የለም። የትም ብትሄዱ ግንቡ ያቆማችኋል፤ ግንቡን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች አንዱ ጋ ትደርሳላችሁ። ለእኔ ከቺካጎ ይልቅ ሐረር ትሻለኛለች።

ቀጥ ያለ ከተማም የራሱ ጣጣ አለው መቼም። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የሚነዱ የእኛ ልጆች ይህን ያውቁታል። ጎዳናው ከሰሜን ወደ ደቡብ በቁጥር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በፊደል ተሰይሟል። ምን ያምራል! ግን ከተማዋ ከምክር ቤቱ ሕንፃ ተነስታ በአራት ስለተከፈለች፣ ሰባተኛና ኤች የሚገናኙበት ማዕዘን በሰሜን ምዕራብም አለ፣ በሰሜን ምሥራቅም አለ። ከአድራሻው መጨረሻ ያሉትን ሁለት ፊደል፣ ኤንደብሊው ወይም ኤንኢ የሚሉትን፣ የረሳ ተሳፋሪ ሌላ ሰፈር ይወርዳል።

አሁን ጋሼ ወደ ጠቆሙበት ልመለስ። እንጦጦ ላይ ነው። ቃል በቃል ላይ። ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ቦሌ አየር ማረፊያ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። አቃቂ ከዚያም ዝቅ ይላል። ስለዚህ በዚህች ከተማ በጥቅሉ ሽቅብ ሰሜን ነው፣ ቁልቁል ደቡብ ነው። ጭንቅላቴ ቢክድም ጉልበቴ አይክድም። ቀበናና ግንፍሌም የሚወርዱት ወደ አቃቂ ነው። በአጭር ቁልቁለት ግን አትታለሉ፤ ወንዝ ለመሻገር ወርዶ መውጣት አለ። ረዘም ያለውን ተዳፋት እዩ። መስከረም ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ቆማችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ፤ ከምዕራብ ወጨጫ፣ ከደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ ከደቡብ ምሥራቅ የረር።

ቀጥሎ የምናገረው እኔን እስካሁን ይደንቀኛል። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ ነው የሚታነጸው። ቤተልሔሙ በምሥራቅ በኩል ነው። የወንዶች መግቢያ በሰሜን፣ የሴቶች በደቡብ ነው። ይህን የምታስቀድሱ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ግን ስንቶቻችን ከቅጥሩ ወጥተን መንገድ ለማግኘት ተጠቀምንበት? መስጊድ ደግሞ ወደ መካ ነው። መካ ከአዲስ አበባ በየት በኩል ናት? ብዙ ሰው በምሥራቅ ይመስለዋል። ካርታ አውጥታችሁ እዩ፤ ወደ ሰሜን ናት፤ በጣም ትንሽ ብቻ ወደ ምሥራቅ ታዘነብላለች። እንግዲህ መርካቶ ላይ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ናቸው። አንዱ ሰሜንን፣ ሌላው ምሥራቅን ይዞላችኋል። መርካቶ ጠፋሁ የሚል ሰው ምን ቀረው?

(ከታዳሚ፦ "ቦርሳው!"። ሳቅ)

እሱስ እውነት ነው።

ፀሐይስ? ጠዋትና ማታ ደህና ናት። በቀትር ግን አትመኗት። ትምህርት ቤት ካነበብነው አንዳንዱ የተጻፈው ለአውሮፓ ነው። እዚያ ቀትር ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ናት። እኛ ግን ከምድር ወገብ ብዙም አንርቅም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜናችን ናት። ክረምት ላይ ደግሞ ጭራሽ አትታይም። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ሰዎችን ጀርመን ጫካ ውስጥና ቱኒዝያ በረሃ ላይ ቀጥ ብለው እንዲሄዱ አደረገ። ፀሐይ ወይም ጨረቃ የታየቻቸው በደንብ ሄዱ። ያልታየቻቸው፣ ቀጥ ብለን እየሄድን ነው እያሉ ክብ ሠርተው የራሳቸውን ዱካ አቋረጡ። ስለዚህ ሐምሌ ላይ "ደመ ነፍሴ ወደዚህ ይለኛል" የሚላችሁን አትከተሉ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። መንገድ ስትሄዱ ዞር እያላችሁ ኋላችሁን እዩ። እኛ የምንጠፋው ስንመለስ ነው። ስትሄዱ ያያችሁት የሕንፃዎቹን አንድ ጎን ነው፤ ስትመለሱ የሚታያችሁ ሌላኛው ጎን ነው። ለእኛ ሌላ ከተማ ነው።

ወደ መጠየቅ እንለፍ፤ አገራችን ላይ ዋናው መሣሪያ እሱ ነው።

የአገራችን ሰው "አላውቅም" ማለት ይከብደዋል። እንግዳ ጠይቆት ባዶ እጁን መሸኘት ነውር ይመስለዋል። ባያውቅም ይጠቁማል። ስለዚህ "ወደ ሾላ በዚህ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። "አዎ" ይላችኋል። "ወደ ሾላ በየት ነው?" በሉ። የሚያውቅ ወዲያው እጁን ያነሳል። የማያውቅ መጀመሪያ ዙሪያውን ያያል። ዙሪያውን ካየ አመስግናችሁ እለፉ።

ማንን ትጠይቃላችሁ? የሚቀመጥን ሰው። ጥበቃ፣ ሊስትሮ፣ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ። ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ስለሚውሉ ያውቁታል። የሚሄድ ሰው እንደናንተ እንግዳ ሊሆን ይችላል።

መልሱን እንዴት ትሰሙታላችሁ? "እማማ፣ ወደ ጤና ጣቢያው በየት ልሂድ?" ስትሉ እማማ በአገጫቸው ወደ ላይ ይጠቁሙና "ያውልህ የኔ ልጅ፣ ቀጥ ብለህ ሂድ፤ ብትጠይቅ ያሳዩሃል" ይላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ "ቀጥታ" ማለት ሦስት ጊዜ የሚጠማዘዝ መንገድ ነው። ትርጉሙ "ከዋናው አትውጣ" ነው። "ብትጠይቅ ያሳዩሃል" የምትለዋ ደግሞ የምክሩ ምርጥ ክፍል ናት። እስከ መጨረሻው ያለውን መንገድ በአንዴ ለመያዝ አትሞክሩ። ቀጣዩን መታጠፊያ ብቻ ያዙ። በቃላችሁ መልሳችሁ ንገሯቸው፤ ተሳስታችሁ ከሆነ እዚያው ያርሟችኋል። ስትደርሱ ሌላ ሰው ጠይቁ። አያሳፍርም።

ስልክ አለ ትሉኛላችሁ። አለ፤ እኔም እጠቀማለሁ። ግን በ2017 የወጣ ጥናት አለ። ሰዎች ሶሆ የሚባለውን የለንደን ሰፈር በፊልም እያዩ መንገድ ሲፈልጉ አንጎላቸው በመሣሪያ ይታያል። ራሳቸው ሲፈልጉ አዲስ ጎዳና ውስጥ በገቡ ቁጥር ሂፖካምፐሳቸው ይነቃል። "ታጠፍ" እያለ የሚመራቸውን ሲከተሉ ግን ለመንገዶቹ ደንታ የለውም። ስለዚህ በስልክ መቶ ጊዜ የሄዳችሁበትን ባታውቁት አይግረማችሁ። የእኔ አጠቃቀም ይህ ነው፤ ከቤት ሳልወጣ ካርታውን ሰፋ አድርጌ አያለሁ፤ ሽቅብ ነው ቁልቁል፣ ማቆሚያዬ ምንድን ነው። ካርታው አብሮኝ እንዳይዞር ሰሜኑን ወደ ላይ አድርጌ አስረዋለሁ። ከዚያ ስልኩ ኪስ ይገባል። መንዳት ላይ ከሆንኩ ይናገር፤ እዚያ ላይ ጀብዱ አያስፈልግም።

ይኸው ነው። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

(አንድ የራይድ ሾፌር፦ "ቦታው ካርታ ላይ እያለም ደንበኛው ጋ ስንደውል 'የት ነህ?' 'እዚሁ ነኝ' ይለናል። ምን ብለን እንጠይቅ?")

"የት ነህ" ብለህ አትጠይቀው፤ ቢያውቅ አንተን አይጠራም ነበር። "ፊትህን ወዴት አድርገህ ቆመሃል? ከፊትህ ምን ጽሑፍ ይታይሃል?" በለው። ጽሑፉን እንዲያነብልህ አድርግ። "ትልቅ ሕንፃ" ካለህ አትቀበለው። ከዚያ "ተዳፋቱ ወደየት ይወርዳል፣ በቀኝህ ነው በግራህ?" በለው። ይህን የማይመልስ ሰው የለም።

(ዲሽ የሚገጥም ወጣት፦ "እኛ ጣሪያ ላይ ሆነን አቅጣጫ የምንይዘው በጎረቤት ዲሽ ነው። ናይልሳት የያዘው አንድ ወገን፣ ኢትዮሳት የያዘው ሌላ ወገን ያያል።")

ይህን አላሰብኩትም፤ ግን ልክ ነህ። ናይልሳት በሰባት ዲግሪ ምዕራብ፣ ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ናቸው። እኛ መሐል ላይ ነን። ስለዚህ የናይልሳቱ ዲሽ ወደ ምዕራብ ያያል፤ የኢትዮሳቱ ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፣ ቀናም ይላል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆን የሚያዋጣው ይህ ነው። ስንት ዓመት ስፈልገው የነበረ ነገር ነው ያመጣኸው።

(አንዲት ሴት፦ "እናቴ ድሮ አቅጣጫ አይጠፋባትም ነበር። አሁን ከገበያ ስትመለስ ሰፈር ውስጥ ትጠፋለች። ይህም ይሠራላታል?")

እህቴ፣ ይህ ከእኔ ጉዳይ የተለየ ነው። እኔ ከልጅነቴ እንዲህ ነኝ። በዕድሜ የገፋ ሰው፣ ያውቀው የነበረ መንገድ ሲጠፋበት ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። አልዛይመር በሚባለው የመርሳት በሽታ መጀመሪያ ላይ ከሚጎዱት የአንጎል ክፍሎች አንዱ ያ የሞዘሮቹ ሴሎች ያሉበት ነው። የግድ እሱ ነው ማለት አይደለም፤ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን እጥረት፣ የሚወስዱት መድኃኒትም ሊያደርገው ይችላል፣ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። "እርጅና ነው" ብላችሁ አትተዉት፤ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው። ከመሄዳችሁ በፊት መቼ እንደጀመራቸው፣ የት የት እንደጠፉ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በወረቀት ጻፊ። እስከዚያ የአንቺን ስልክ ቁጥር ቦርሳቸው ውስጥ አድርጊላቸው፤ ለሰፈሩ ባለሱቅና ለጥበቃዎቹም ንገሪያቸው።